ልጆቹን ዜብራው ላይ አስተምሯቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ልጄ «ዜብራ ላይ ተሻገር፣ ግራህን ይዘህ ተጓዝ» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ፈተና ላይም አይሳሳትም። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። ከታክሲ እንደወረደ በታክሲው ፊት ሮጦ ሊሻገር ይላል። የቆመ ሚኒባስ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይጋርዳል፤ ሹፌሩም ልጁን አያየውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ እንግዲህ ሹፌሩ ገና ፍሬን ሳይዝ ነው።

መምህራን ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከግቢ ይዘዋቸው ይውጡ። ታክሲው እስኪሄድ መጠበቅን፣ መጀመሪያ ወደ ግራ ማየትን እዚያው ያለማምዷቸው። በተለይ አንዱ መኪና ቆሞ ሲያሳልፋቸው ቀጣዩን መስመር ሳያጣሩ እንዳይሮጡ። በመሀል የሚሹለከለክ ሞተር አይጠፋም።

አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የሚያሻግሩት ተማሪ ትራፊኮች ጎበዞች ናቸው፤ እጄን አነሳላቸዋለሁ። ግን የሚገኙት ትምህርት ቤቱ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ሱቅ የተላከን ልጅ ማን ያሻግረው?

ለወላጆችም አለኝ። ድልድዩ እያለ፣ ልጅ እየጎተትን የቀለበት መንገዱን አጥር መዝለሉ ይቅርብን።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ