ልጅ መርዝ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉ

ሰላም ውድ አባላት፣

ብዙዎቻችን የምንሠራው ከሆስፒታል ርቆ በሚገኝ ገጠር ስለሆነ፣ ይህን ለምታገኟቸው ወላጆች ሁሉ ንገሩልኝ። ልጅ ላምባ ወይም በረኪና ጠጥቶ ሲገኝ ብዙ ሰው ጣት ከትቶ ሊያስመልሰው ይሞክራል። በፍጹም! የላምባ ትልቁ ጉዳት ሳንባ ሲገባ ነው፣ ማስመለስ ደግሞ ወደዚያው ሊልከው ይችላል፤ በረኪናም ሲመለስ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥለዋል።

የእርሻ ፀረ ተባይ ከነካው ልብሱን አውልቁና ገላውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ በቆዳም ይገባልና። የሚያጥበውም ሰው እጁን ይሸፍን። ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረው ደቂቃም ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ስትሄዱ ጠርሙሱን ወይም ማሸጊያውን ያዙ፣ መቼ እንደጠጣም ንገሩ። በጤና ተቋም ለሕክምና የሚሰጠው፣ መርዙን ሆድ ውስጥ የሚይዘው ልዩ የከሰል ዱቄት (የቤት ከሰል አይደለም) ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ያውም ለሁሉም መርዝ አይደለም፤ ለላምባ አይሰጥም።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ ላምባ የጠጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ቢያንስ 6 ሰዓት ሳታዩት አትሸኙት። ሳሉና የትንፋሽ ችግሩ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ቤቱ ሩቅ ከሆነማ ይደር። እባካችሁ መድኃኒት ክፍላችሁ ውስጥ አትሮፒን መኖሩን ዛሬውኑ እዩ፣ በፀረ ተባይ ተመርዞ ከላይ ያሉት ምልክቶች የታዩበትን ልጅ ሪፈር ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያቆየው መድኃኒት እሱ ነው።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ላምባና ፀረ ተባይ በለስላሳ ጠርሙስ ይቀመጣል። ሕፃን ይህን በምን ይለየው? ቤት ለቤት ስትሄዱ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።