አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ሲወርድ ለምን ይቃጠላል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ባሉ ጋራዦች የመኪና ጉልበት ማሳደግ የተለመደ ሥራ ሆኗል። መኪናው የቆየ ኮሮላም ይሁን ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የተገጠመለት ስታርሌት፣ ባለቤቱ ዳሽቦርዱ ላይ የዋይድባንድ ጌጅ (የአየርና የነዳጅ ምጣኔን የሚያሳይ መለኪያ) አስገጥሞ «ተስተካክሏል» ተብሎ ይረከባል። ከዚያ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ወደ አዳማ፣ ከአዳማም አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ ፒስተን ይበሳል፣ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ይነፋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በቤንዚኑ ይሳበባል። በሙያው ላይ ያለን ሰዎች ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ የተስተካከለው ለአዲስ አበባ አየር ብቻ መሆኑን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ባሕር ወለል ላይ 101 ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ቢረገጥም ከ77 በላይ ሊያይ አይችልም። የሞተሩ ኮምፒውተር የነዳጅ ሰንጠረዥ ደግሞ በአንድ በኩል በሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ግፊት የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ የ80፣ የ90ና የ100 ረድፎች አዲስ አበባ ላይ ጨርሶ አይነኩም፤ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል የመጣው ግምት እንዳለ ተቀምጦ ይቀራል። አዳማ ሲደረስ ግፊቱ 83 ገደማ ይሆናል፤ አዋሽ ደግሞ 90። ሹፌሩ እዚያ አምርሮ ሲረግጥ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ማንም ፈትሾት የማያውቀውን ረድፍ ነው፤ ቁጥሩ ካነሰ ነዳጅ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል።

ተርቦ ባላቸው ላይ ነገሩ ይብሳል። የዌስትጌቱ (የተርቦውን ግፊት የሚገድበው በር) ስፕሪንግ የሚያውቀው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። 0.5 ባር የሆነ ስፕሪንግ አዲስ አበባ ላይ በጠቅላላው 127 ኪሎፓስካል ይሰጣል፤ አዋሽ ላይ ያው ስፕሪንግ፣ ማንም ሳይነካው፣ 140 ያደርሳል። የቡስት ጌጁ ሁለቱም ቦታ 0.5 ነው የሚለው። በተቃራኒው «እዚህ ጉልበት አነሰ» ብሎ የባሕር ወለሉን 150 አዲስ አበባ ላይ ለማምጣት የሚሞክር ሰው ተርቦውን የውጭውን አየር 1.95 ጊዜ እንዲጨምቅ ያስገድደዋል፤ ባሕር ወለል ላይ 1.5 ጊዜ ይበቃው ነበር። ትርፉ የጋለ አየርና ከልክ በላይ የሚሽከረከር ተርቦ ነው።

ካርቡሬተር ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም። የነዳጅ ማሳለፊያው ጄት ለአዲስ አበባ ተብሎ ጠብቦ ሙሉ ጭነት ላይ ምጣኔው (የአየሩ ክብደት ለነዳጁ ክብደት ተካፍሎ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ነዳጅ አንሷል ማለት ነው) 12.8 ቢገባ፣ የሙቀቱ ልዩነት ታስቦ አዋሽ ላይ 13.5 አካባቢ፣ ጅቡቲ ላይ ደግሞ ከ14 በላይ ይሆናል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ትልቁን ጄት ይዞ ቢጓዝ አይከስርም።

መኪናው ይዞት የመጣው ባለአንድ ወይም ባለአራት ሽቦ ኦክስጅን ሴንሰር ለዚህ ሥራ አይረዳም። ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየዘለለ ነዳጅ በዛ ወይም አነሰ ከማለት አያልፍም፤ 12ን ከ13 አይለይም። ዋይድባንዱ ባለአምስት ሽቦ የሆነው ኦክስጅን የሚያስገባና የሚያስወጣ ክፍል በውስጡ ስላለው ነው፤ መቆጣጠሪያው ለዚያ የሚልከውን ኤሌክትሪክ መጠን አይቶ ምጣኔውን ያሰላል።

ብዙው ጥፋት የሚሠራው ገጠማው ላይ ነው። ሴንሰሩ የሚታሰርበት 18 በ1.5 ጥርስ ያለው ቀለበት ከካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) በፊት፣ የአራቱ ሲሊንደር ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ ይበየዳል፤ ተርቦ ካለው ከተርቦው በኋላ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ራቅ ተደርጎ። ሴንሰሩ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት። ጠዋት ማርሚታው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ከ700 ዲግሪ በላይ በጋለ ሴራሚክ ላይ ከነካ ይሰነጥቀዋል። ለዚሁ ሲባል ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ እንዲደርሰው ማድረግ ይመረጣል። ማሰሪያው ከ40 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ነው። ከሴንሰሩ በፊት ያለች የፀጉር ያህል ቀዳዳ፣ ብየዳው ያልያዘበት ወይም ጓርኒሲዮኑ ያፈሰሰበት ቦታ፣ የውጭ አየር ስባ ምጣኔውን ነዳጅ ያነሰው ታስመስላለች። ያንን አምኖ ነዳጅ የሚጨምር ሰው ደህናውን ሞተር ያበላሻል።

ስለ ሶኬቱም አደራ። በቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 የዋይድባንድ ሴንሰር ላይ ለያንዳንዱ ሴንሰር ለብቻው የተለካ ሬዚስተር ሶኬቱ ውስጥ አለ። ሽቦው አጠረ ተብሎ ሶኬቱ ተቆርጦ ከተጣለ ያ ልኬት አብሮ ይሄዳል፤ ጌጁ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ግን አይታመንም። የቀድሞው 4.2 በአንጻሩ በየጊዜው በንጹሕ አየር መለካት ይፈልጋል፤ ከማርሚታው ወጥቶ ደጅ ላይ እንጂ ሌላ መኪና እየጨሰ ባለበት ጋራዥ ውስጥ አይደለም። ሴንሰሩን ሳያሞቁ ማርሚታው ላይ ትቶ መንዳት በጥላሸት ይገድለዋል። ዘይት የሚበላ ሞተርና ለኦክስጅን ሴንሰር ያልተባለ ሲሊኮንም እንዲሁ።

የመሬት ሽቦው ሌላው ጣጣ ነው። መቆጣጠሪያው ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለው ምልክት ከ10 እስከ 20 ያለውን ምጣኔ የሚወክል ከሆነ፣ የ0.1 ቮልት ስሕተት 0.2 ምጣኔ ያሳስታል። የመቆጣጠሪያው የምልክት መሬት የኮምፒውተሩ ሴንሰሮች ከሚታሰሩበት ቦታ ጋር ይታሰር፤ ከዚያ ጌጁና ላፕቶፑ አንድ ቁጥር ማሳየታቸው ይታይ። ካልገጠሙ ሥራው እዚያው ይቁም።

ወደ ማስተካከሉ ስንመጣ በላምዳ (የተነበበው ምጣኔ ነዳጁ በልክ ለሚነድበት ምጣኔ ተካፍሎ፤ ከ1 በታች ነዳጅ የበዛ ነው) ማንበብ ይሻላል፤ ቤንዚኑ ኢታኖል ቢቀላቀልበትም ላምዳ 1 ያው 1 ነው። ሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) እና ቀስ ያለ ጉዞ 1 አካባቢ፣ ተርቦ የሌለው በሙሉ ጭነት 0.87፣ ተርቦ ያለው ከ0.78 እስከ 0.82 ጥሩ መነሻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰንጠረዡ ሳጥን ያለው ቁጥር በተነበበው ተባዝቶ ለተፈለገው ይካፈላል። 80 ባለበት ሳጥን 13.6 ተነቦ 12.8 ከተፈለገ አዲሱ ቁጥር 85 ነው። ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ስለሚዘገይ ለቅጽበት በታየ ቁጥር አይታረምም፤ ሞተሩ በአንድ ዙርና ጭነት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይያዝ። የሞተሩ ውኃ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሁን። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርም ከ85 በመቶ በላይ እንዳይከፈት፤ እዚህ 78 በመቶ ላይ ያለ ኢንጀክተር አዋሽ ላይ 90ን ሊጠጋ ይችላል።

አንድ ምልክት በተለይ ይታወቅ። ጌጁ 16 እያለ ካንዴላው ሲነቀል እንደ ከሰል ከጠቆረ ሞተሩ ነዳጅ አላነሰውም፤ አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው። ያልነደደው ኦክስጅን ሴንሰሩን ያታልለዋል። ነዳጅ ሲጨመር ጭሱ ይጠቁራል፣ ጌጁ ግን ይብስ ያነሰ ያሳያል። መድኃኒቱ ካንዴላና ኮይል ነው።

ላልተነኩት ረድፎች የምንመክረው ይህ ነው። በአዲስ አበባ የተረጋገጠው የ75 ረድፍ ቁጥር በየዙሩ ወደ 80፣ 90ና 100 ይገልበጥ፤ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይጨመርበት። ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት ቀድሞ የሚሰጥበት ዲግሪ) በየ10 ኪሎፓስካሉ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ይቀነስ፤ ከፍ ባለ ግፊት ሞተሩ ነዳጁ ያለጊዜው በራሱ እየነደደ ቶሎ ያንኳኳልና። ይህ መጠበቂያ እንጂ ማስተካከያ አይደለም፤ ቆላ ወርዶ ላፕቶፕ ሰክቶ በተጨባጭ ማየት ግድ ነው። ከግፊት ይልቅ በነዳጅ መስጫው አከፋፈት ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተር ከሆነ የውጭውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ሳይጨመር ከከተማ ባይወጣ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ለሚመለከታቸው አካላት ጥያቄ አለን። ሙሉ ጭነት ላይ የሚደረገው ፍተሻ ዛሬ የሚካሄደው ሕፃናትና ከብት በሚያቋርጡት የዳር ከተማ አስፋልት ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። ይህ ትክክል እንዳልሆነ እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን ሞተሮች ማቆየት የግድ ሆኗል። በምሥራቁ መውጫ አንድ የተከለለ ቀጥ ያለ መንገድ በሳምንት አንድ ቀን በክፍያ ቢፈቀድ፣ ወይም ጋራዦች ተባብረው የጉልበት መለኪያ ማሽን እንዲያስገቡ ቢታገዙ ብዙው ችግር ይቃለላል።

እስከዚያው ባለመኪኖች ሲረከቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተሠራበትን ፋይል ቅጂ፣ ላምዳው ከዙርና ከግፊት ጋር የተመዘገበበትን ሎግ፣ እንዲሁም ፍተሻው የደረሰበትን ከፍተኛ ግፊት በጽሑፍ። ወረቀቱ 77 ካለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ሲወርዱ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች አይርገጡ።

በገላንና በአካባቢው የምንሠራ የሞተርና የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች