ለሁለት ደቂቃዋ ልብ አንጠልጣይ መክፈቻ ለደከማችሁልን ሁሉ

ለእማማና ለግቢው ሰው፣ ለመምህራችን፣ ለተዋንያኑ፣ ቁጭ ብላችሁ ላያችሁልን ሁሉ፤

የልብ አንጠልጣይ ፊልማችን የሁለት ደቂቃ መክፈቻ አልቃ በአዳራሽ ታየች። የመብራቱን፣ የዝናቡንና የዲስኩን ነገር አብራችሁን ስለከረማችሁበት አንዘረዝረውም። ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ምስጋና ግን ማን ምን እንዳደረገ በትክክል ካልተናገረ የሠርግ ላይ ንግግር ሆኖ ስለሚቀር፣ የሰጣችሁን ነገር ፊልሟ ውስጥ የት እንደገባ እየጠቀስን እንሄዳለን። በሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ የሚሠሩ ታናናሾቻችንም ያነቡት ይሆናል። በዚህ ደብዳቤ ስም አንጠራም። እማማ «ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳትበትኑት» ብለዋል፤ የእሳቸው ካልተጠራ የማንም አይጠራ ተባብለናል።

እማማ፣ ግቢዎን ስለፈቀዱልን ብቻ ብናመሰግንዎ ያንስብዎታል። ታሪኩን ያቀኑልን እርስዎ ነዎት። የፊልሟ ባለታሪክ የሆነው ተከራይ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር የእሱ አይደለም፤ ስክሪፕቱ ላይ ይህ አንድ መስመር ነበር። ካሜራ ፊት ግን ጓጉንቸር ሁሉ አንድ ነው። ቁልፉ እንቢ ሲል ተመልካቹ ወይ ዝጎ ነው ይላል፣ ወይ ሰውየው ቤት ተሳስቷል ይላል፣ ወይ ጠጥቷል ይላል። ፍርሃት ግን አይመጣም። እርስዎም የመጀመሪያውን ቅጂ በልጅዎ ስልክ አይተው «ልጆቼ፣ የሱ አለመሆኑን እኔ በምን ልወቅ?» አሉን። ከዚያ ገብተው የተከራዮችዎን ትርፍ ቁልፎች ይዘው ወጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሮዝ፣ ሁሉም በጥፍር ቀለም ተለይቶ።

ፊልሟ የዳነችው እዚያ ላይ ነው። አሁን ጠዋት ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ጓጉንቸር ነጭ ነጠብጣብ ባለው ቁልፍ ሲቆልፍ በቅርብ ሾት ለአራት ሰከንድ እናያለን። ማታ ቁልፉ ነጭ ነው፣ ጓጉንቸሩ ባዶ ነው። ሰውየው ገና ከቁልፉ ጋር ሲታገል ተመልካቹ አውቆ ጨርሷል። ልብ የሚያንጠለጥለውም ይኸው ነው፤ ተመልካች ከባለታሪኩ በጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ቀዩን ቀለም ያልወሰድነው አለምክንያት አይደለም። ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ የበረንዳ አምፖል ሥር ቀይና የነሐስ ቀለም ይመሳሰላሉ፣ ብርሃኑ ዝቅ ባለ ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይለዩም። ምልክት በቀለም ዓይነት ሳይሆን በድምቀትና በጨለማ ልዩነት መለየት አለበት።

ይህ ሾት ለካሜራ ማኗ ቀላል አልነበረም፤ እህታችን፣ አንቺንም እዚሁ እናመስግንሽ። ቁልፉና ጓጉንቸሩ በአንድ ፍሬም ሁለቱም ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የብርሃን ቀዳዳው በ1.8 ከተከፈተ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል) በእኛ ካሜራ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ፎከስ የሚይዘው ጥልቀት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እጅ ትንሽ ወደኋላ ካለ ነጠብጣቡ ደበዘዘ ማለት ነው። ወደ 4 ሲዘጋ ጥልቀቱ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ብርሃኑ ግን ከአንድ አራተኛ በታች ይወርዳል። የጎደለውን ብርሃን ለመተካት መብራቱን በአቡጀዲ ጋርደሽ ወደ በሩ አስጠጋሽው እንጂ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን መጠን) አልከመርሽም፤ ጨለማው ግራጫ ያልሆነውና በሚርመሰመሱ ነጥቦች ያልተወረረው ለዚህ ነው።

ወደ እማማ እንመለስ፤ አላለቀም። ግቢው በስንት ሰዓት ጸጥ እንደሚል ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የመስጊዱ አዛን መቼ እንደሚጀምር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ በየትኞቹ ሌሊቶች እንደሚከፈት፣ የጎረቤት ውሻ ለማን እንደሚጮህ፣ ሁሉን ነገሩን። የድምፅ ፕሮግራማችንን የሠራነው በእርስዎ አፍ ነው፦ ንግግር ያለበት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ንግግር የሌለበት ከዚያ በፊት። ፍሪጅዎንም እንድናጠፋ ፈቀዱ። (ታናናሾቻችን፦ የሰው ፍሪጅ ስታጠፉ የመኪና ወይም የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ያለ ቁልፍ ወደ ቤት ስለማትሄዱ ማብራቱን አትረሱም፣ የሰው ሥጋም አይበላሽም።)

ውሃውስ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶዎ ቀድታችሁ ኮብልስቶኑን አርጥቡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረቅ ድንጋይ ማታ ካሜራ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ሲረጥብ የበረንዳውን አምፖል መልሶ ያበራል፣ የሚመጣው ሰው ጥላም መሬቱ ላይ ይነበባል። ለዚያች ጠባብ መተላለፊያ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ችግሩ መድረቁ ነው። በመካከል ሳይረጭ የተቀረጸ ሾት ከቀደመው ጋር አይገጥምም፣ ኤዲቲንግ ላይም ማስተካከያ የለውም። ባልዲ ይዘው «ደረቀባችሁ፣ ደረቀባችሁ» ሲሉ የነበሩት እርስዎ ስለሆኑ በክሬዲቱ «ኮንቲኒዩቲ» (ሾቶች እርስ በርስ እንዲገጥሙ መጠበቅ) የሚለው መስመር የእርስዎ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ውሃውም ሳይቋረጥ ይምጣልዎ። ሌላ ምን እንበል።

የድምፅ ባለሙያው ጋሼ፣ ያለክፍያ መምጣትዎ ሳያንስ የራስዎን ማይክ ይዘው መጡ። ሁሉም ትራክ ከፍተኛው ጩኸት ድምፅ ከሚሰባበርበት ጣሪያ 12 ዲሲቤል በታች ሆኖ የተቀዳው፣ ከእያንዳንዱ ቦታ የአንድ ደቂቃ ባዶ የክፍል ድምፅ (ሰው ሁሉ ዝም ሲል ቦታው ራሱ የሚሰማው) የተያዘው እርስዎ ስለጮሁብን ነው። በተዋናይዋ ነጠላ ላይ የነበረው ትንሽ ማይክ ሲንኮሻኮሽ በፋርማሲ ፕላስተር ገላዋ ላይ ለጥፈው፣ ገመዱን ጠቅልለው ትንሽ ላላ አድርገው ዝም አሰኙት። ትልቁ ውለታዎ ግን ስለ ዝምታ ያስተማሩን ነው። ቁልፉ እንቢ ሲል ድምፁን ሁሉ አጥፍተን ነበር። በስልክ ያዩት ሰዎች ስልኩን ነቀነቁት፤ ኔትወርክ የተያዘ መሰላቸው። ፍጹም ባዶ ትራክ ብልሽት ነው የሚመስለው። ያ የክፍል ድምፅ እዚያ ሲገባ ጸጥታው ጸጥታ ሆነ። ከታች ሲያጉረመርም የነበረውን ወፍራም ድምፅ ጉዳይም ያነሡት እርስዎ ነዎት፦ ከ150 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከስልክ ስፒከር አይወጣም ማለት ይቻላል። አዳራሽ ውስጥ ደረት የሚያንቀጠቅጠው በስልክ ምንም ነው። ከላዩ የቆርቆሮ በር ሲፋቅ የሚወጣውን ሹል ድምፅ ደረቡበት፣ አሁን በሁለቱም ይሠራል።

ላያችሁልን ሁሉ። ሁለት ዓይነት ተመልካች ነበራችሁን፦ የሚያውቁንና የማያውቁን። የምታውቁን፣ ፍቅራችሁን እናከብራለን፣ አስተያየታችሁ ግን «አሪፍ ነው» ከሚለው አላለፈም። የጠቀመን ከማያውቁን የመጣው ነው፤ እሱም «ወደዳችሁት?» ብለን ስላልጠየቅን ይመስለናል። አንደኛው ደቂቃ ላይ አቁመን ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅን፦ ሰውየው ማነው? ምን ሆነ? ቀጥሎ ምን ይሆናል? ለሦስተኛው ጥያቄ ሁሉም አንድ መልስ ከሰጠ መክፈቻው ታሪኩን አስቀድሞ ጨርሶታል። ማንም መልስ ከሌለው ደግሞ አልገባም። የተለያየ ግን እርግጠኛ መልስ ሲመጣ ነው ደህና የሆነው። እኛም ስክሪኑን ትተን ፊታችሁን ስናይ ነበር፤ ይቅርታ፣ ሳንነግራችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ዓይናችሁን ወደ ሌላ ያዞራችሁት ተከራዩ መንገድ ላይ ሲሄድ ነው። ያ 22 ሰከንድ ወደ 9 ወረደ።

ከቤተሰብ ጋር ሳሎን ውስጥ ያያችሁ እናቶችና አባቶች ደም የታየበትን አንድ ሾት እንድናወጣ አድርጋችኋል። ልጆች ባሉበት ደም ሲመጣ ወይ ቻናሉ ይቀየራል ወይ ሰው ከክፍል ይወጣል፤ ሁለቱም ተመልካች ማጣት ነው። በቦታው ከበሩ ሥር የሚታይ የጫማ ጥላ ገባ። እውነቱን ለመናገር ጥላው ከደሙ የበለጠ ያስፈራል።

መምህራችን፣ ሰውየው ወደ ቤቱ ሲመጣ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ፣ ካሜራውም በእሱና በበሩ መካከል ያለውን መስመር እንዳይሻገር ያስጠነቀቁን እርስዎ ነዎት። አንዷ ሾት ብትሻገር ከቤት እየወጣ ይመስላል፣ ምስጢሩም እዚያው ይፈርሳል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ የሚለው ቃልዎም አሁን በእንቅልፋችን ይመጣል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአንድ ስድሳኛ የቀረጸ ሰው አምፖሉ ሥር ጥቁር መስመር ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ርዕሱን የጻፍክልን ዲዛይነር ወንድማችን፣ ቀጭኑን ፊደል ጥለህ ወፍራሙን ስለመረጥክ እናመሰግናለን። ትንሽ ስክሪን ላይ ሰ እና ሸ፣ በ እና ቨ የሚለዩባት ጭረት ነች መጀመሪያ የምትጠፋው። ክሬዲቱ ላይም ማን በኃይሉ «ኃ»፣ ማን በሀብታሙ «ሀ»፣ ማን በፀሐዩ «ፀ» እንደሚጽፍ አንድ በአንድ ደውለህ አጣርተሃል። በዚህ የሚቀየም ሰው ስንት እንደሆነ ሥራው ውስጥ የገባ ያውቃል።

መገናኛ ያለኸው የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ እንደገና አይበራም ብለህ ከእጃችን ነጥቀህ ፋይሉን አወጣኸው። ከአሁን በኋላ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ቤት፤ ቃል ገብተናል።

የወረዳው ሰላምና ጸጥታ ሠራተኞች፣ ጄኔሬተር ያዋሱን የሻይ ቤት ሰዎች፣ ታክሲ ላይ ትራይፖድ ይዘን ስንገባ ቦታ የለቀቃችሁልን፣ ጎረቤቶች ሁሉ፣ በአንድነት እናመሰግናለን።

ተዋንያኑ፣ በብርድ እርጥብ መሬት ላይ ለቆማችሁበት አንድ አንቀጽ ይገባችሁ ነበር። ለቅዝቃዜው ይቅርታ፣ ፊልሟ ላይ ትንፋሻችሁ እንደ ጭስ ወጥቷል፣ ያልከፈልንበት ምርጡ ኢፌክት ነው።

ይህን ስንጽፍ ያልጠቀስናችሁ አላችሁ። ገመድ የያዛችሁ፣ እንጀራ ያመጣችሁልን፣ በሌሊት በር የከፈታችሁልን፣ «ጸጥ በሉ» ስንል ሕፃን አቅፋችሁ ወደ ጓሮ የሄዳችሁት እናት። መርሳታችን ከንቀት እንዳይቆጠርብን። ስሙ ክሬዲቱ ላይ የቀረ ካለ ለዲዛይነሩ ይንገረው፤ የመጨረሻው ቅጂ እስኪወጣ ድረስ መስመር መጨመር ይቻላል። የተዋስናቸው አቡጀዲ፣ ሁለት ጀሪካኖችና ባልዲው ቅዳሜ ጠዋት ወደየባለቤታቸው ይመለሳሉ። ነጩ ጓጉንቸር ግን እስከ ሙሉው ፊልም ድረስ እኛ ጋ እንዲቆይ እማማ ፈቅደዋል።

የመክፈቻዋ አዘጋጅ ተማሪዎች
አዲስ አበባ