ለአለቃ፣ ስለ ጋሼ ፍላሽ

ሰላም አለቃ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። አንዱን "ከናፍቆትህ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ" ብዬ ነበር የጀመርኩት። አንብቤው ራሴ ሳቅሁ። ድሮ እናቶቻችን እያዘዙ ያስጻፉን ደብዳቤ መሰለ።

ፍርጥ ላድርገው። አባትህ ጋሼ ሲያርፉ አልደወልኩም። የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ ቅዳሜ እደውላለሁ አልኩ። ቅዳሜ አለፈና ለአርባው አልኩ። አርባው አለፈና ለሙት ዓመቱ። ከዚያ በኋላማ ምን ብዬ ልደውል? ሃፍረት እንደ አራጣ ነው፣ ባደረ ቁጥር ይወልዳል። የፒያሳን ፍርስራሽ በቪዲዮ ያየሁ ቀን ቁጥርህን አውጥቼ ነበር። መልሼ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ይቅርታ። ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ረባሽ፣ ከጎኑ ሦስት ኤክስ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ከቆየሁ ይህንንም አጠፋዋለሁ።

ደግሞ ጸጸት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ። ቸግሮኝ ነው። እንደ ልማዴ በለኛ።

የጋሼ ካሜራ አለ? ትልቁን ማለቴ ነው፣ ከፊቱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋውን። ለሠርግ ሲወጡ አንተ ሳጥኑን፣ እኔ የአምፖሉን ካርቶን የምንሸከምላቸው። እሱ ካለ ጎኑን እይልኝ። አንድ የብረት ክላምፕ መኖር አለበት፤ ፍላሹን ወገቡ ላይ አቅፎ ከካሜራው ጋር የሚያስረው። ለምን እንደምፈልገው ስነግርህ ደብዳቤውን እንዳትቀደው።

ባለፈው ወር ቁምሳጥን እናጸዳ ነበር፣ እኔና ልጄ። 11 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል፤ ከእኔ ጋር የሚያወራው ዋይፋይ ሲቋረጥ ነው። ከሻንጣ ሥር ጋሼ ለሽኝቴ የሰጡኝን ፍላሽ አገኘ። በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ነበር። "ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ አገሩ መልሰው" ብለው እንደሳቁ ትዝ ይልሃል አይደል? ልጁ ጋዜጣውን ገለጠና ጮኸ።

"አባዬ! የሉክ ሰይፍ አለህ እንዴ?"

የምን ሰይፍ፣ የፎቶ ፍላሽ እኮ ነው አልኩት። እንደ ምስኪን ሽማግሌ አየኝ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አለቃ፣ ልጁ ልክ ነው።

ስታር ዋርስን ታስታውሳለህ። በስሙኒ ቪዲዮ ቤት ገብተን፣ አግዳሚው ላይ ተጣበን፣ አንተ እየተረጎምክልን። ግማሹን ከሆድህ ነበር የምትፈጥረው። የአባትየውን ምስጢር ገልብጠህ ተርጉመህልኝ፣ ጥቁር የለበሰው ሰውዬ የሉክ አጎት ነው ብዬ እስካሁን ስኖር ያረመኝ ልጄ ነው። እና ያ ሰማያዊ ብርሃን የሚተፋው የዋናው ጀግና የሉክ ሰይፍ፣ እጀታው የግራፍሌክስ ፍላሽ ነው። ሮችስተር፣ ኒው ዮርክ የነበረ የካሜራ ኩባንያ። የጋሼን ፍላሽ ገልብጬ አየሁት፤ ቂጡ ላይ ስሙ ተቀርጿል።

አስበው። እኛ ከፎቶ ቤቱ ጓሮ የተቃጠለ ኒዮን እያወጣን ስንዋጋ፣ አንዱን ስንሰብር፣ ጋሼ ሁለታችንንም በአንድ እጅ ጆሯችንን ይዘው ሲያዞሩን፣ እውነተኛው ሰይፍ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ታሪኩን ልንገርህ። ፊልሙ በፈረንጆች 1976 ላይ ሲሠራ ገንዘብ አልነበራቸውም። የዕቃው ኃላፊ ሮጀር ክርስቲያን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ከብረታ ብረት ቁርጥራጭ ውስጥ ዕቃ እየለቀመ የሚሠራ ሰው። ሰይፉ አልመጣለት ብሎ ተጨንቆ ሳለ ለንደን ውስጥ አንድ የካሜራ ሱቅ ይገባል። ወጣ ያለ ነገር አላችሁ ወይ ሲል፣ አቧራ የጠጣ ሳጥን ያሳዩታል። ሲከፍተው እነዚህ እጀታዎች። ታችኛው ግማሽ ላይ ለቁምሳጥን ተንሸራታች በር የሚሆን ጥቁር የፕላስቲክ ሐዲድ ቆርጦ በሱፐር ግሉ ለጠፈ። ክላምፑ ላይ ደግሞ የድሮ ካልኩሌተር ቁጥሮችን የሚያጎላውን የጉልላት ሰንሰለት የመሰለ ፕላስቲክ ሰካ። ከታች ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ጨመረ። አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ዓለም ሁሉ በጉድ አየው። ሰውዬውም ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በ1978 ኦስካር ወሰደ።

የጥቁሩ ሰውዬ ሰይፍም ፍላሽ ነው፣ ኤምፒፒ የሚባል የእንግሊዝ ሥሪት። የሉክ አስተማሪ የሽማግሌው ግን አብዛኛው ከካሜራ አልመጣም፤ እሱ ከጄት ሞተር ዕቃ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦምብና ከቧንቧ መክፈቻ የተገጣጠመ ነው። የቧንቧ መክፈቻ! እኔን የገረመኝ ግን የሉክ ነው። ውስጡ የሚገባው ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው። ያን ሁሉ ጋላክሲ ያመሰው መሣሪያ ለካ ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ኖሯል። ዘበኛ የሚይዘው።

"እንሥራው" አለ ልጁ። እሺ አልኩ። እሺ ከማለቴ በፊት ማሰብ ነበረብኝ፣ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ አብሮኝ የሆነ ነገር ሊሠራ ጠየቀኝ፤ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?

መጀመሪያ ውስጡን እንክፈት አልን። የታችኛው ክዳን አልዞር አለ። ድንጋዮቹ ውስጡ ቀርተው ፈንድተዋል። በክዳኑ ዙሪያ ነጭና አረንጓዴ ጨው ጋግሯል፣ እንደ ሰነበተ አይብ። እኔ ሊቁ አቼቶ አፈሰስኩበት። ለካ አቼቶ ለአሁኑ፣ ለአልካላይን ድንጋይ ነው፤ ለድሮው ድንጋይ ቤኪንግ ሶዳ ነበር የሚያስፈልገው። ሁለቱም ሲገናኙ ወጥ ቤቱ ውስጥ አረፋ ተነሳ፣ ሚስቴ መጥታ አየችንና ምንም ሳትል ተመለሰች። ሦስት ማታ ፈጀብን። በጥርስ ብሩሽ፣ በእንጨት ማንኪያ እጀታ፣ በጸሎት። መጀመሪያ ሞላው ወጣ፣ ተበልቶ ሽቦ አክሎ። ከዚያ አንድ ድንጋይ። ሁለተኛው። ሦስተኛውን ጠረጴዛ ላይ አንኳኩተን አወጣነው።

እሱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

ልጄ አይጥ ናት አለ። አይደለም አልኩት፣ እኛ ነን። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ እምቢ ካለ ነክሰን መልሰን ሬዲዮ ውስጥ እንደምንከት ነገርኩት። አላመነኝም። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን "ጋሼ ማን ናቸው?" ብሎ ነው። ማታ ሙሉ አወራሁለት። አምፖሉን ከመክተታቸው በፊት ቂጡን በምላሳቸው እንደሚያረጥቡት። አንዴ ከበራ በኋላ ስለሚቃጠል ለእኛ እንደሚሰጡን፣ ትኩሱን በሹራብ እጅጌ እንደምንቀበላቸው። ሙሽራ ዓይኗን እንዳትጨፍን "የኔ እመቤት፣ አማትሽ እያዩሽ ነው" እንደሚሏት። ልጁ ስልኩን አላነሳም። አማርኛው ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ እንግሊዝኛው ሲያልቅብኝ በእጄ አሳየዋለሁ።

ቀይዋን ቁልፍ አስተውለሃት ታውቃለህ? ፊልሙ ላይ ሰይፉ የሚበራው በእሷ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ለጋሼ ግን ፍላሹን የምታበራ ነበረች። ቀለሟ በአንድ በኩል ብቻ ሸሽቷል። አውራ ጣቴን ሳስቀምጥ ልክ እዚያ ላይ አረፈ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ።

ይሄ ዕቃ ተወዷል። ድሮ የቆየ ካሜራ የሚሰበስብ እንጂ ማንም የማይፈልገው ነበር። አሁን ሰይፍ ሠሪዎቹ ለቅመው ጨርሰውታል፤ ለአንድ እጀታ ከሺህ ዶላር በላይ የሚጠይቅ አለ። የድሮ ካሜራ ወዳጆች በዚህ ጉዳይ ደማቸው ይፈላል። የጋዜጠኛ ካሜራ ነበር፣ ታሪክ ያነሳ፤ በጃፓኗ ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሲተከል የታየበት የ1945ቱ ፎቶ የተነሳው በግራፍሌክሱ ስፒድ ግራፊክ ካሜራ ነው። ያን የሚያህል ካሜራ ፍላሹ ተነጥቆ አካለ ጎዶሎ ሆኖ ይሸጣል ይላሉ። እውነት አላቸው። ሰይፍ ሠሪዎቹ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ዕቃ እኛ ነን ከቆሻሻ ያዳንነው ይላሉ። እነሱም እውነት አላቸው። አስመስለው አዲስ የሚሠሩም አሉ፤ አንዱን ገዝቶ መገላገል ይቻላል። ለልጁ ነገርኩት። "የጋሼ እያለ?" አለኝ። እይ እንግዲህ። አይቷቸው የማያውቀውን ሰው ጋሼ ማለት ጀምሯል።

ሐዲዱን መለጠፍ ችግር የለውም፣ ሙጫ በአሴቶን ይለቃል። የካልኩሌተሩንም ፕላስቲክ አግኝተናል፣ ከ1970ዎቹ የሆነ የሞተ ካልኩሌተር ፈትተን። የሚሰካው ግን ክላምፑ ላይ ስለሆነ ያለ እሱ ቦታ የለውም። ለዚህ ነው ካሜራውን የጠየቅሁህ። ችግሩ ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ በሪቬት የሚያዘው ክዳኑ ተበስቶ ነው። የተበሳ ነሐስ ደግሞ አይድንም።

እኔም አንተን ሳልጠይቅ አልበሳም ብዬ ወሰንኩ።

እንዲያ ብዬ ልጨርሰው ነበር፣ አራተኛው ደብዳቤ ላይ እንዲያ ብዬ ነው የጨረስኩት። ግን ውሸት ነው አለቃ። አንዱን በስቼዋለሁ። ያለፈው እሑድ፣ ልጁ ቆሞ እያየኝ፣ ድሪሉን አስነሳሁት። ሁለት ቀዳዳ ነበር የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው ሲያልፍ የወጣው ነሐስ ቢጫ ነው፤ ክሮሙ ከላይ ብር መስሎ ውስጡ ወርቅ የመሰለ ቢጫ። ጠረጴዛው ላይ እንደ እርድ ተበተነ። ያኔ የጋሼ ድምፅ መጣብኝ። "ማነው የነካው?" የሚሉት። ድሪሉን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ልጁ "ምነው?" አለኝ። ባትሪው አለቀ አልኩት። ድሪሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ገመዱን እያየ ዝም አለኝ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ፈቃድ ግማሹ ያለፈበት ነው። ለእኔ ሰጥተውኛል ማለት እችላለሁ። ግን የአባትህ ዕቃ ነው፣ ደግሞ እኔ ለቅሶ እንኳ ያልደረስኩ ሰው ነኝ። ተው ካልከኝ ሁለተኛውን አልበሳም፣ ሞላውን ቀይሬ አጽድቼ እመልስልሃለሁ፤ ከነአንድ ቀዳዳው። ቀጥል ካልከኝ ክላምፑን ላክልኝ። ሰው ሲመጣ ከበርበሬው መሃል ጠቅልለህ፤ ኤርፖርት ላይ ምንድን ነው ቢሉት የካሜራ ዕቃ ነው ይበል፣ ሰይፍ ነው እንዳይል አደራ። ካሜራው በፒያሳው ግርግር ጠፍቶ ከሆነም ንገረኝ። በዚህ አልቀየምህም፣ እኔ የመቀየም መብት የለኝም።

እትዬ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ? ያንተ ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲሉ ሰማሁ፣ አላመንኩም፤ አንዴ ትከሻዬ ላይ ያስመለሰችብኝ እኮ ናት። በሰፊው ሌላ ጊዜ። ወይም ልደውል? ቅዳሜ አልልህም፣ ያቺ ቅዳሜ ብዙ ጊዜ አዋርዳኛለች። ቁጥርህ የድሮው ከሆነ ብቻ "አዎ" ብለህ ላክልኝ።

ሦስተኛውን ድንጋይ አልጣልኩትም። በብርጭቆ አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የጥርሱ ምልክት ከፊት በኩል ክፍተት አለው። የእኔ ጥርስ ያኔ ግጥም ያለ ነበር፤ የማን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።

ያው ረባሹ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ