«እጠፉ» እና «አጥፉ»፦ የመመሪያ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የክበቡ ሥራ አንድ ተማሪ የጻፈውን መመሪያ ሌላው ሳይጠይቅ እንዲፈጽመው ማድረግ ነበር። አባላቱ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፦ ጸሐፊ፣ ፈጻሚና ታዛቢ። ፈጻሚው የተጻፈውን ብቻ ይሠራል፤ ቀድሞ የሚያውቀውን አይጨምርም። ጸሐፊው አይናገርም፣ በጣቱም አያመለክትም። ታዛቢው ፈጻሚው የቆመበትን፣ መልሶ ያነበበበትንና የገመተበትን የእርምጃ ቁጥር ይመዘግባል። ከሁሉ የሚከብደው የጸሐፊው ዝምታ ነው። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ብሎ ካመለጠው ቀጥሎ የሚናገረው ነገር ወረቀቱ ላይ የጎደለው ነውና ታዛቢው ቃል በቃል ይጽፈዋል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር መለማመጃ ከኤ4 ወረቀት ኩባያ ማጠፍ ነበር። ወረቀቱ 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ነው። አጭሩ ጠርዝ ረጅሙ ላይ እስኪገጥም በሰያፍ ታጥፎ፣ ትርፍ የሆነው 8.7 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ሲቆረጥ፣ ጎኑ 21 የሆነ ካሬ ይቀራል። ካሬው በሰያፍ እንደታጠፈ ረጅሙ ጎን ወደ ሠሪው ዞሮ ይቀመጣል። ሁሉም የሚሰናከለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «የግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ እጠፉ» ብሎ የማያልፍ ጀማሪ የለም። የት ድረስ? ትክክለኛው ነጥብ ያለው በቀኙ ጎን፣ ከሦስት ማዕዘኑ አናት 8.7 ሴንቲሜትር ወረድ ብሎ ነው። ይህ ደግሞ ከተቆረጠው ቁራጭ ስፋት ጋር እኩል ስለሆነ ማስመሪያ አያስፈልግም፤ ቁራጩን አስጠግቶ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ታዲያ «ቁራጩን አትጣሉ» የሚለው መጻፍ ያለበት ከመቁረጡ እርምጃ በፊት ነው። ሁለት እርምጃ ዘግይቶ ሲመጣ ቁራጩ ቅርጫት ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ማረጋገጫ ይከተላል፦ የታጠፈው ክፍል የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኗል? ካልሆነ ወደ ነጥቡ ይመለሱ። የቀኙ ጫፍ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከላይ ከቀሩት ሁለት ክንፎች አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲታጠፍ አፉ ይከፈታል። ማረጋገጫ የሌለው መመሪያ ስሕተቱን የሚያሳየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ የትኛው እርምጃ እንደተበላሸ ማንም አያውቅም።

ቋንቋውም የራሱ ወጥመድ አለው። «ወረቀቱን አጥፋችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ጫፉን አስገብታችሁ ክፈቱት» ሲባል ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ስለሆነ ጸሐፊው አንድ እርምጃ የጻፈ ይመስለዋል፤ ያሉት ግን አራት ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድርጊት የራሱ ቁጥርና የራሱ ማሰሪያ ይሰጠዋል። «ይታጠፋል» የሚለውንም ትተነዋል፤ ትእዛዝ ይሁን ገለጻ አይለይምና። ለወንድም ለሴትም የሚሆነው «እናንተ» ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የሁለት ፊደላት ልዩነት ያሳስታል፦ «እጠፉ» ማጠፍ ነው፣ «አጥፉ» ግን ማጥፋት። «ያሰመራችሁትን መስመር አጥፉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ፈጻሚው ላጲስ ቢያነሣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «አዙሩ»ም እንዲሁ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን «ገልብጡ»፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እንዲዞር «ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዙሩ» ብለን ለየነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሥዕል በቃል ማስተላለፍ ሠሩ። «4 ሴንቲሜትር ክብ» ሲባል አንዱ ሬዲየስ፣ ሌላው ዲያሜትር አድርጎ ይወስደዋል። «ከሳጥኑ ላይ» የሚለውን አንዱ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላው ከሳጥኑ በላይ ይስለዋል። የረዳን ከወረቀቱ ጠርዝ መነሣት ነው፦ «የክቡ መሐል ከግራ ጠርዝ 5፣ ከላይኛው ጠርዝ 8 ሴንቲሜትር ይርቃል።»

ለፈጻሚዎች የሰጠናቸው ደንብ አጭር ነው። ሁሉን አንብቡ፤ ዕቃውን አቅርቡ፤ ያለቀውን እርምጃ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ የማይገጥም ነገር ሲያጋጥማችሁ ወደ ፊት አትገምቱ፣ በትክክል ወደ ገጠመው የመጨረሻ እርምጃ ተመለሱ።

በየትምህርት ቤቱ የሚታወቀውን፣ ብዙ ትእዛዝ ደርድሮ መጨረሻ ላይ «ስማችሁን ብቻ ጻፉ» የሚለውን ፈተና ግን አልተጠቀምንበትም። ያስቃል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚቀድመውን ትእዛዝ መጨረሻ ላይ መደበቅ እኛ የምንከለክለው ስሕተት ራሱ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየነው ሥዕላዊ ምልክት ነው፤ በወረቀት አጣጠፍ ሥዕሎች ላይ ወደ ፊት የሚታጠፈው በቁርጥራጭ መስመር፣ ወደ ኋላ የሚታጠፈው በሰረዝና በነጥብ ይለያል። ከቃሉ ጎን ይሁን በቃሉ ፈንታ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ እንወስናለን።