ቤንዚኑን ለሜዳው ተዉለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጋዜጣችሁ እዚህ የሚደርሰው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፣ መንገዱ ካልቀና ደግሞ ሳምንትም ይከርማል። ስለዚህ ወሬው ከበረደ በኋላ የመጣሁ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

በስፖርት ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ የቤንዚን መኪና ውድድር ጊዜው አልፎበታል፣ መንገዱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊሆን እነዚህ ሰዎች ቤንዚን እያቃጠሉ ክብ መዞራቸው ነውር ነው፣ ይቅር ብለው ነበር። ያናደደችኝ «ክብ መዞር» የምትለዋ ናት። አባይም እኮ ጎጃምን ይዞራል፣ ማንም ነውር ነው አላለውም።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት እጄ ከግራሶ ጸድቶ አያውቅም። እንጀራዬ ቤንዚን ነው፣ ስለዚህ ባዳላም አትፍረዱብኝ። እሁድ ከሰዓት ኳስ ከሌለ ከባጃጅ ሾፌሮቹና ከጋራዡ ልጆች ጋር ሆነን የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤት እንለምንና ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የዓለም የመኪና ውድድር እናስከፍታለን። ኔትወርክም መብራትም ከፈቀደ ነው ታዲያ።

ኤሌክትሪክ መኪና ጠልቼ ግን አይደለም የምጽፈው። እንዴት እጠላለሁ? እዚህ ከተማ ቤንዚን ሲጠፋ ያየ ሰው ኤሌክትሪክን አይጠላም። ባጃጆች ተሰልፈው ሌሊቱን ያድራሉ፣ ጠዋት «አልቋል» ይባላሉ፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ያው ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ በእጥፍ ይሸጣል። ያንን የጠጣ ሞተር ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ካርብራተሩን ስፈታው ውሃም አለ፣ አሸዋም አለ፣ አንዳንዴ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገርም አለ። በሌላ በኩል አባይ እዚሁ ነው። ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ከዓለምም የመጀመሪያዎቹ እኛ ስንሆን፣ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሂሳቡ ገባኝ። ቤንዚን በዶላር ይመጣል፣ አባይ በነጻ ይወርዳል። (መብራቱ እኛ ሰፈር ሲደርስ ለምን እንደሚጠፋ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

በመንገዱ ነገር እንግዲህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ጠቤ በውድድር ሜዳው ነው።

በጉልበትም ቢሆን ኤሌክትሪኩ አያንስም። ይህንን እኛ ደገኞቹ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚህ በረቡዕ ገበያ አድርጎ ወደ ጮቄ የወጣ ሾፌር ያውቀዋል፤ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፣ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማርሽ ብትቀንስም ያው ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። በየዓመቱ የዳገት ውድድር ይደረግበታል፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 156 ኩርባ፣ መጨረሻው 4,300 ሜትር ላይ። በ2013 (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በኋላ የውድድሮቹን ዓመት በእነሱ እቆጥራለሁ) ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ በቤንዚን ፔጆ 8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጣው። ማንም የሚደርስበት አይመስልም ነበር። በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን መጣና 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገባ። ባትሪ አይተነፍስማ! ጮቄ አናት ላይ ብታወጣውም ሜዳ ላይ እንዳለ ነው።

ቁልቁለቱም እንደዚያው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው የፍሬን ሽታ ያውቃል። ኢሱዙው፣ እኛ አልቃይዳ የምንለው፣ ጭኖ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ይጨሳል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ገደል ይገባል። ኤሌክትሪኩ ግን ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይዞርና ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ፎርሙላ ዋኖች ደግሞ ይህቺን ብልሃት ከ2009 ጀምሮ ሲሞካክሯት ቆይተዋል። በ2026ቱ ሕግ የኤሌክትሪኩ ክፍል ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጓል፣ ከመኪናው ጉልበት ግማሽ ገደማው የሚመጣው ከባትሪ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ይቅር» ያሉት ነገር ግማሹ እሳቸው ሳያዩት ድሮ ሃይማኖቱን ቀይሯል።

ታዲያ ኤሌክትሪኩ እንዲህ ጎበዝ ከሆነ ለምን ሁሉም ጠቅልሎ አልሄደም? ሰው አልተከተለውማ።

ፎርሙላ ኢ የሚባለው የኤሌክትሪክ ውድድር በ2014 ቤጂንግ ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አይታችሁት ከሆነ ባትሪው ውድድሩን አይጨርስም ነበር። ሾፌሩ መሃል ላይ ይገባና ከመኪናው ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ ዘሎ ይገባል። የዲኤስቲቪ ቤቱ ልጆች «ፈረስ ለወጠ» ብለው በሳቅ ሞቱ። አራት ዓመት እንዲህ ሄዶ ነው የተሻለ ባትሪ የመጣው። ዛሬ ጥሩ ውድድር ነው፣ አልዋሽም፣ መኪናዎቹ ሲነሱ ከፎርሙላ ዋን ይፈጥናሉ። ግን ያንን እሁድ ማንም ባለቤቱን ለምኖ ሲያስከፍት አላየሁም። የሞተር ብስክሌቱ ይባስ ነው። በ2019 የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ውድድር ከዋናው የሞተር ብስክሌት ውድድር ከሞቶ ጂፒ ጎን ተጀመረ፣ ዱካቲን የሚያህል ፋብሪካ ገባበት፣ ተመልካች ግን አላገኘም፣ ከ2025 የውድድር ዘመን በኋላ አቆሙት። የዓለም ራሊም በ2022 በቤንዚን ሞተሩ ላይ ባትሪ ጨመረ፣ ክብደቱና ወጪው አላስቀመጠ ሲላቸው በ2025 አውልቀው ጣሉት። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ናይቫሻ ላይ የሚደረገው ሳፋሪ ራሊ ዛሬም በሚጮህ ሞተር ነው አቧራውን የሚያስነሳው።

መጮሁ ነው ነገሩ። ለማያውቅ ሰው ጩኸት ነው። ለኔ ግን ድምፅ ሥራዬ ነው። መኪና በር ላይ ሲደርስ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ካንዴላው ነው፣ ኩሽኔታው ነው፣ ማርሚታው ተበስቷል የምለው በጆሮዬ ነው። ውድድሩንም የማየው በጆሮዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ2014 ፎርሙላ ዋን ሞተሩን ወደ ትንሽ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪ6 ተርቦ ሲቀይር ድምፁ ወረደ፣ ዓለም ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም ከጎጃም ሆኜ አለቀስኩ። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት መሐመድ ቤን ሱላየም በ2025 ቪ10 ይመለስ ይሆን የሚል ሐሳብ ያነሡት፣ በኋላም ቪ8 ላይ የወረዱት ዝም ብለው አይደለም። የሰውን ጆሮ ሰምተው ነው።

«ጭሱስ?» ይሉኛል ጸሐፊው። መልካም። ፎርሙላ ዋን ራሱ በ2019 ሂሳቡን አውጥቷል። ያኔ በአንድ ዓመት ውስጥ 256 ሺህ ቶን ገደማ ካርቦን ይለቅ ነበር። ከዚያ ውስጥ መኪናዎቹ ሜዳ ላይ የሚለቁት 0.7 በመቶ ነበር። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም! ትልቁ፣ 45 በመቶው፣ ዕቃውን ከአገር አገር በአውሮፕላንና በመርከብ ማጓጓዙ ነበር። ነገ ሁሉንም መኪና ኤሌክትሪክ ብታደርጉት አውሮፕላኑ ያው ይበራል። ጸሐፊው ነውር ፈልገው ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይፈልጉት።

ሜዳ ላይ የሚቃጠለውም ቢሆን ከመሬት የወጣ ቤንዚን መሆኑ እየቀረ ነው። የዓለም ራሊ ከ2022 ጀምሮ፣ ፎርሙላ ዋን ከ2026 ጀምሮ ከድፍድፍ ዘይት ያልመጣ ነዳጅ ነው የሚሞሉት። የአሜሪካኖቹ ኢንዲካር ከ2023 ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት በወጣ ኢታኖል ይሮጣል። ይህ ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ከአባይ ማዶ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል እያወጣ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አምስት በመቶ፣ በኋላም አሥር በመቶ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር። አንዷ አረቄ አውጪ ጎረቤቴ ይህን ብነግራት «ታዲያ የኔ ምን አነሰው?» አለችኝ። ምንም አላነሰውም እናቴ፣ እንደውም አንዳንዱን ሰው ከፎርሙላ ዋን በላይ ያስሮጠዋል።

አሁን ወደ ፈረሱ ልምጣ። ድሮ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ዛሬ ሰው የሚታወቀው በመኪናው ነው፣ እኔ ጋ የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለ፣ ስሙን ማንም አያውቅም፣ አባ ዲኤክስ ነው የሚባለው። መኪናው ፈረሱን ከጦር ሜዳም ከመንገድም አስወጣው። ፈረሱ ግን ጠፋ? ጥር 23 እንጅባራ ሂዱና እዩ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው፣ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ። ያን ቀን ሜዳው በፈረስ ይሞላል፣ ጉግሱ አለ፣ ሽርጥ የሚሉት የፈረስ ጨዋታ አለ፣ መሬቱ ሲመታ ደረትህ ውስጥ ነው የምትሰማው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ያን ቀን ግን አያደርስም፣ አይዋጋም፣ ዝም ብሎ ይጋልባል። ማንም «ባጃጅ እያለ ፈረስ ምን ይሠራል» አይልም።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ልጨርስና ልልከው ነበር። ለአንድ የእንጅባራ ሰው፣ ለደንበኛዬ፣ ባነብለት ጊዜ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ፈረስ እኛ ጋ ዛሬም ያርሳል፣ ይጭናል። ለበዓል ብቻ ቢሆን ማን ይቀልበው ነበር?» አለኝ።

ሁለት ቀን ከዚህ ጋር ዋልኩ አደርኩ። እውነቱን ነው። በዓሉን ያቆየው በዓሉ ራሱ አይደለም፣ በአዘቦት ቀን ፈረስ ላይ ያደገው ልጅ ነው። ውድድሩም እንደዚያው ነው። የውድድር መካኒክ ከሰማይ አይወርድም፣ እንደኔ ዓይነት ጨለማ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ቴስታታ ሲያወርድ ያደገ ልጅ ነው። መንገዱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን የሚጮህ ሞተር ማን ይፈታዋል፣ ማንስ መልሶ ይገጥመዋል? ውድድሩን የሚቀብረው ሕግ ላይሆን ይችላል፣ ባለሙያ ማጣት እንጂ። ጸሐፊው ይህንን ጽፈው ቢሆን ዝም ብዬ ባነበብኩ ነበር።

ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ታየኝ። አዲስ የቤንዚን አውቶሞቢል አይግባ ተባለ እንጂ ያለው አልተወሰደም። እኛ ደግሞ መኪና መጣል አናውቅበትም። ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ ዲኤክስ ዛሬም በሬ ላይ ቆሟል፣ ሞተሩ ሦስቴ ወርዷል፣ አራተኛም ይወርዳል። አውሮፓ ካርብራተር ምን እንደሆነ በረሳበት ዘመን እዚህ ደብረ ማርቆስ የሚጠግነው ሰው አይጠፋም። ፈረንጆቹ ያኔ መካኒክ ፍለጋ እኛ ጋ ቢመጡ አይግረማችሁ። ዋጋችን እንዳሁኑ አይሆንም፣ ከአሁኑ ልናገር።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ መኪና ጋራዤ ገባ። ኮፈኑን ከፈትንና ቆምን። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዙሪያውን አየና «ጋሼ፣ ይሄ ሲታመም በምን ይታወቃል?» አለኝ። እኔም ከልማዴ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የተበላሸው የኋላ ጎማው ኩሽኔታ ነበር፣ እሱ እንኳ ይጮሃል፣ አወቅሁት። ባትሪው ቢሆን ኖሮ ግን ምን እል እንደነበር አላውቅም። ልጁን ትምህርት ቤት ልልከው አስቤያለሁ፣ የኤሌክትሪኩንም ይማር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከዲኤክሱ ጋር ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልሰናበት። የፎርሙላ ዋንንም የሳፋሪንም ውጤት አታትሙም፣ ገጹን ሁሉ ለአርሰናልና ለማንቼ ሰጥታችሁታል። የእሁዱን ውጤት በሁለት መስመርም ቢሆን ሰኞ አውጡልን። እኛ ጋ ሐሙስ ቢደርስም ግድ የለም።

አንድ መካኒክ
ከደብረ ማርቆስ