ጥቁሩ ስክሪን ላይ አማርኛ፦ የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን የሚሰበሰበው ረቡዕ ከሰዓት፣ ላብ ሁለት ውስጥ ነው። ዘንድሮ በ23 ልጆች ጀምረን በ17 ጨረስን። የኮሚቴ ምርጫውና የመዋጮው ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፣ እዚህ አልደግመውም።

እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ጥቁሩ ስክሪን ነው። በወላጆች ቀን አንድ አባት በመስኮት አይተው «እነዚህ ልጆች የተበላሸ ኮምፒውተር ላይ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ያን ቀን በቅጡ አልመለስኩላቸውም፣ አሁን ልመልስ።

ኮምፒውተሮቹ አልተበላሹም፣ አርጅተዋል እንጂ። ዊንዶውስ ሲጫንባቸው ለመነሣት ብቻ ግማሽ ፔሪየድ ይፈጁ ነበር። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫንንባቸው፣ ያለ ማውስ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራውን። ወዲያው ፈጠኑ። አማርኛ ግን የለም። ልጆቹ የአማርኛ ፋይል ሲከፍቱ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አንድ ዓይነት ምልክት ተደርድሮ ይመጣል። ስልካችን ላይ አማርኛ ስንጽፍ ከኋላው ምን እንደተሠራ አናስብም፤ ዘንድሮ የእኛ ልጆች ያንን ከኋላ ያለውን ሥራ በእጃቸው ነካኩት።

የጽሑፍ ኮንሶል፣ ማለትም ይህ ጥቁሩ ስክሪን፣ በአንድ ፎንት (የፊደል ቅርጾች ስብስብ) የሚይዘው 256 ቅርጽ ነው፣ ቢበዛ 512። «256 ይበቃናል?» አልኳቸው። 33 በ7፣ 231። ይበቃል ብለው ተስማሙ። ከዚያ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «እንግሊዝኛውስ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ትእዛዙ ሁሉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደሉ፣ ቁጥሩና ምልክቱ ከባዶ ቦታው ጋር 95 ይሆናል። ድምሩ 326፣ እነ ሏና ቧ ገና ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ምርጫው 512 ብቻ ሆነ፤ እሱም በነፃ አይደለም፣ የጽሑፉ ቀለማት ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ። ይህንን ሒሳብ ማንም አልነገራቸውም፣ ራሳቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የደረሱበት።

ዴቢያን ጎሐ እና ጎሐ ክላሲክ የሚባሉ ለፊደላችን የተዘጋጁ የኮንሶል ፎንቶች አሉት። ሴትፎንት በሚባለው ትእዛዝ ጎሐን ስንጭነው ያ ሁሉ ምልክት በአንዴ ወደ ፊደል ተለወጠ። የጩኸቱ ነገር! ከጎን ክፍል መምህር መጥተው «ምን ሆናችሁ?» አሉን።

ማየቱ ይህን ያህል ነው። መጻፉ ግን ወራት ወሰደብን። ኮንሶሉ ላይ እንደ ስልኩ የአማርኛ መጻፊያ አልነበረንም። ልጆቹ የቀኙን ኦልት ማጣመሪያ ቁልፍ አደረጉት፦ እሱን ነክተህ ኤል፣ ከዚያ ኤ ስትል ላ ይወጣል። ለዚህ የሚሆነው ሠንጠረዥ 256 ጥምረት ብቻ ነው የሚቀበለው። 231ዱ ገባ፣ የቀሩት 25 ቦታዎች ለእነ ሏ፣ ቧ፣ ቋ ተከፋፈሉ። የትኛው ይግባ የትኛው ይቅር የሚለው ክርክር ሦስት ረቡዕ ፈጀ። በዚያው ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሀ 4608፣ ለ 4616 መሆኑን፣ የአብዛኛው ፊደል ቤት በ8 በ8 እንደሚዘል አገኙ። ስምንተኛው ቦታ ለእነ ሏና ቧ እንደተተወ ሲገባቸው ፊታቸውን ማየት ነበረባችሁ።

አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ሎድኪስ በሚባለው ትእዛዝ የሚጫን የኪቦርድ ድልድል ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ለሙከራ ጥሩ ነው። ልጆቹ ግን ያላለቀውን ድልድል ቋሚው ቅንብር ውስጥ አስገቡት፣ በማግስቱ አራት ማሽኖች ላይ የይለፍ ቃል መጻፍ አልተቻለም። በፍላሽ አስነሥተን አስተካከልነው። አንድ ሳምንት ጠፋብን፣ ሌላ ጉዳት የለም።

ከዓመቱ ሁሉ በልቤ የቀረው ግን ጉብኝቱ ነው። መጋቢት ላይ በእርሳስ ፊደል ይሠራ የነበረ አንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት ወሰድኳቸው። እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ አንድ አባት አሉ። አሁን ዐይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን የእያንዳንዱን ፊደል ሳጥን ሳያዩ ያገኘዋል። ልጆቹ ስለ 512ቱ ሲነግሯቸው «እኛም እኮ ቦታ ነበር የሚጠበን» አሏቸው። ከዚያ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ፣ ጠጋ ብላ «አባባ፣ በእኛ ስክሪን ላይ ቋንቋ የሚለው ቃንቃ ይመስላል፣ ምን ይደረግ?» አለቻቸው። የቋን እርሳስ አንሥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። «እግሩ ሥር አየር ስጪው፣ ልጄ» አሏት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ካሬ ወረቀት ይዛ መጣች። ወርዱ 8፣ ቁመቱ 16 ካሬ። ቋን በእርሳስ እያጠፋች እየደገመች 11 ጊዜ ስለሣለች ወረቀቱ ሳስቷል። የኛ ስክሪኖች ደብዛዛ ናቸው፣ የታችኛው ሰረዝ ከእግሩ ጋር ይዋሃድባቸዋል፤ እሷ አንድ ነጥብ አንሥታ በመሃል ክፍተት ሰጠችው። ፎንቱን ወደ ጽሑፍ ፋይል ቀይረን ነጥቦቹን አስተካክለን መልሰን ጫንነው። «ቋንቋ» ብላ ጻፈች። ተነበበ። ዝም ብላ ስክሪኑን ስታየው ቆየች፣ እኔም ምንም ማለት አልቻልኩም። ያ ካሬ ወረቀት አሁን ላብ ሁለት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሄዳችሁ እዩት።

ከግንቦት ጀምሮ የሚኒ ሚዲያ የጠዋት ዜና የሚጻፈው በእነዚሁ ማሽኖች ነው። ለአንድ ፊደል ሦስት ቁልፍ መንካት ያዘገያል፣ አልክድም። ለከርሞ የምናስተካክለው እሱን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለጉብኝቱ የአውቶቡስ ኪራይ የከፈልነው ከልጆቹ መዋጮና ከእኔ ኪስ ነው። ከ14 ማሽን የሚሠራው 9 ነው፣ ለ17 ልጅ። መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ ይህንንም ለሁለት ዓመት በደብዳቤ አመልክቻለሁ። ለስፖርት ክበብ መለያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋል። ለእኛም አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) እና አምስት ኪቦርድ ይገባናል። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በነሐሴ ስብሰባው አጀንዳ ውስጥ እንዲያስገባልን እጠይቃለሁ።

ወላጆችም፣ ቤታችሁ የተቀመጠ የሚሠራ ኪቦርድ ካለ ለልጆቻችሁ አስይዙልን። ቁልፉ የተፋቀም ቢሆን እንቀበላለን፣ የአማርኛውን ፊደል እኛ እንለጥፍበታለን።